ሄለን ማየር ልትባል ነው

ሰኞ
አልስማማም አልኩ። ጸዳለ፣ እንዳልኩት ጻፊው፤ አታለሳልሺው። ጸዳለ ልትንከባከበኝ የምትመጣ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንደበቴ ግን ጤነኛ ነው።
የልጅ ልጄ ሄለን ዓርብ የጋብቻ ወረቀት ልታወጣ ነው። በዚያው ስሟን ልትቀይር። ሄለን ዮሴፍ ቀርቶ ሄለን ማየር። ዮሴፍ ልጄ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመቱ። ሌላ ልጅ የለኝም፤ እሷም እህት ወንድም የላትም።
እጮኛዋን፣ ማርክን፣ «ሰባት ቤት ቁጠር» አልኩት። ሦስት ላይ ቆመ። «አክስቴን ልጠይቅ» አለ። ያስቃል። አልሳቅኩም።

ማክሰኞ
በረዶ። ጉልበቴ። እንቅልፍ የለም።
ሄለን ደወለች። «አባባ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ኔም» አለች። «ስም ብቻ እኮ ነው» ማለቷ እንደሆነ ጸዳለ ስትነግረኝ ስልኩን ዘጋሁባት።

ረቡዕ
ማርክ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ይህን አልነፍገውም።
ዘራቸው ጀርመን ነው። ማየር ድሮ ስም ሳይሆን ሹመት ነበር አለ። በጌታው መሬት ላይ ተሹሞ ገበሬውን የሚያዝዝ፣ እህሉን የሚያሰፍር። ሹመቱ ጠፋ፣ ስሙ ለልጅ ልጅ ቀረ።
«ምስለኔ ነዋ» አልኩ። አባቴ ጭሰኛ ነበር። የምስለኔ ደጅ ሲጠና ዝናብ ደብድቦት በሳንባው ሞተ። ጸዳለን ተርጉሚለት አልኳት፣ ተረጎመችለት። ልጁ ቀላ።
ቆይቶ፣ «አያቴ ግን እዚሁ ኮሎራዶ፣ በሰው እርሻ ላይ ተንበርክኮ አረም ሲነቅል ሲኮተኩት ነው ጉልበቱ ያለቀው» አለ።
ጉልበት አውቃለሁ። ስሙን ግን አልተቀበልኩም።

ሐሙስ
ጸዳለ ደፈረችኝ። «አባቴ፣ በእኛስ ደንብ የሄለን ልጅ በማን ይጠራል?»
«በአባቱ ነዋ።»
«እንግዲህ እከሌ ማርክ ሊባል ነው። ዮሴፍ በዚህም በዚያም ከሄለን አያልፍም።»
ይህን ያህል ሸምግዬ አላሰብኩትም። ምሳዬን ሳልነካው መለስኩት። ይሄን እንኳ ሳልጽፈው ልተወው አለችኝ። ጻፊው አልኳት።

ዓርብ
ሄለን ከዳውንታውን፣ ከመሀል ከተማ፣ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «ስሜን አልቀየርኩም፤ ዮሴፍን አልነካሁትም፣ አባባ» አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኩም። ማርክ ኋላዋ ቆሟል። «አንተ ምስለኔ፣ ግባ እንጂ፣ ብርዱን አታስገባ» አልኩት። ይሄን ጸዳለ አልተረጎመችለትም።
ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የጸዳለ የሐሙስ ቃል ግን አልለቀቀኝም። ከሄዱ በኋላ የሄለንን ዕድሜ አርዝምልኝ ብዬ ፈጣሪን ለመንኩ። እሷ የቀረች ቀን ስሙም አብሯት ይቀራል፤ ልጄ ዳግመኛ ይሞታል።