ሳትጠጣ «ሰከርክ» ያልኩህ ቀን

ታዴዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር አለፈ። እዚያው የስደት ሰፈራችን ጀሪፍ፣ እዚያው ቤት ነን። አልጋህን ለጎረቤት ሰጠሁት፤ ባዶውን ማየት አቃተኝ። እኔ አል-ጣኢፍ ሰፈር ያለውን የሰው ቤት ሥራ ቀጥያለሁ። ልጃችን ሊያ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። አማርኛዋ እየሳሳ ነው፤ የሚያርማት የለም።

የምጽፍልህ ግን ፊት ለፊት ሳልነግርህ ስለቀረሁት ነገር ነው።

ሐኪሙ አረቄ ጉበትህን እንደጎዳው የነገረህ ቀን ብቻህን ነበር የገባኸው። ስትወጣ «ካቆምኩ ገና እኖራለሁ» ብቻ አልከኝ። ሐኪሙ ሌላ ምን እንዳለህ አልነገርከኝም፤ እንዳልፈራ ብለህ ይሆናል። አቆምክም። ሰባት ወር ሙሉ የተምር አረቄ አፍህ አልገባም። ሆድህ ውኃ እየቋጠረ ሲቀዳልህ፣ ዓይንህ ቢጫ ሲሆን እንኳ አላማረርክም። ጨው የሌለው ወጥ ሳቀርብልህ «ይጣፍጣል» ትለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን እንደ አዲስ ወደድኩህ።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ከሥራ ስመለስ ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰህ ተቀምጠሃል። እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ስሜን ጀምረህ መጨረስ አቃተህ።

«ደግሞ ጀመርክ! ሰከርክ!» ብዬ ጮኽኩብህ።

ሊያ እያለቀሰች «ወላሂ ማማ፣ ባባ አልጠጣም! ቀኑን ሙሉ አብሬው ነበርኩ» አለችኝ። አላመንኳትም። ፍራሹን ገልብጬ ጠርሙስ ፈለግሁ፤ ምንም የለም። አንተ «ይቅርታ» አልከኝ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ። እኔ ጥፋትህን ያመንክ መሰለኝ። ሁለት ቀን ኩርፊያ ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ብንቀሰቅስህ አልነቃህም።

ሐኪም ቤት ስናደርስህ ያው ሐኪም ነበር። «ስካር አይደለም» አለኝ። «ጉበቱ ሊያጣራው ያልቻለው መርዝ አንጎሉን ይዞት ነው። ስትቀባዥር ካዩህ ወዲያው ያምጡህ ብዬው ነበር።»

ቶሎ ብናመጣህ ትተርፍ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ጉበቱ በጣም ተጎድቷል፤ አላህ ያውቃል» አለና ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። በማግሥቱ ሄድክ።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «እስከ መጨረሻው መጠጡን ሳይተው ሞተ» ሲል አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ሊያ ያን ዝምታዬን አየችው። ከዚያ ወዲህ ካልቸገራት በቀር አታናግረኝም። ባለፈው ሳምንት እንደ ምንም ደፍሬ «ያን ቀን ልክ ነበርሽ» አልኳት። «አውቃለሁ» ብላኝ ወደ ውጭ ወጣች።

ታዴዬ፣ መልስ እንደማይመጣ እያወቅሁ ይቅር በለኝ አልልህም። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ስምህ በተነሳበት ሁሉ፣ ማንም ፊት ይሁን፣ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ነው የሞተው እላለሁ። ያላመንኩህም እኔ እንደነበርኩ እጨምራለሁ። ሁለቱንም እስክሞት አልረሳም።

ሚስትህ
አልማዝ