ከአስካለች ደጅ የጀመረው ጥርጊያ

ለተከበሩ ጋሼ ይርዳው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጅማስ ተስማማዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሚዛን ዝናብ ሣሩን ከማብዛቱ በቀር ደህና ነን።

ልጃችን ሔዋን፣ እርስዎ አስፋልቱን ሳይቀር “ጥርጊያ” የሚሉት ለምን እንደሆነ ጠየቀችን። ወንድምዎ ጌታሁን ደስ ብሎት አስረዳት፤ ድሮ መንገድ ሲወጣ ሰው ሁሉ በየደጁ ጫካውን መንጥሮ ይጠርግ ስለነበር ጥርጊያ ተባለ አላት። በማግስቱ ገጀራውን ይዞ የሰፈራችንን መንገድ ሊጠርግ ወጣ። የጀመረው ግን ከጎረቤታችን ከአስካለች ደጅ ነው። “ብቸኛ ሴት ናት” አለኝ። እኔም “ደግ አደረግህ” አልኩት። እሷም አመስግና እርጎ አጠጣችው። ቤቱ ሲሆን እርጎ ሆዴን ይነፋኛል ባይ ነው። ይኸው በየቀኑ እዚያው ነው፤ አንዲት ሣር አላስቀረላትም። አዲስ ሻርፕም አድርጋለች፣ ያምርባታል።

ለበዓል ሲመጡ ባጃጁ አስካለች ደጅ ያውርድዎት፤ እስከዚያ ጥርጊያ ነው። ወደ እኛ ሲራመዱ ግን ዱላ ይያዙ፤ በራችን ላይ ሣሩ ጉልበት ስለደረሰ እባብ አይጠፋም።

በሰላም ያገናኘን። ጌታሁንም ሰላም ይልዎት ነበር፤ እስካሁን ከጠረጋ አልተመለሰም።

አክባሪዎ ማናልሞሽ