ሁለት ሰው የያዝኩበት ጨዋታ

ለውድ አባቴ ለታቪታ ሌአፋ፤

እንደምን ከረሙ? ጤናዎስ እንዴት ነው? የወገብዎ ሕመም ዘንድሮ ቀለል አለልዎት ወይ? ዝናቡስ ጎደሬያችንን አላበላሸውም? እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ግን እሁድ እሁድ ይብስብኛል፤ እዚህ እንደ እኛ ሰፈር ድምፅ ከፍሎ የሚዘምር የለም።

ስልክ ላይ መናገር ያቃተኝን በጽሑፍ ልንገርዎ ብዬ ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ሦስት ቀን ሙሉ ከየኮሌጁ ተጫዋች ሲመርጡ ስሜ እንዳልተጠራ ሰምታችኋል። የቀረውን ግን አልሰማችሁም።

ክረምቱ ላይ አሠልጣኛችን "ክብደት ቀንስ፤ ዛሬ የሚፈለገው ኳስ ወርዋሪውን የሚያሳድድ ነው" ብሎኝ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። ልምምድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ወደ ኋላ ገፋኝ። የእኔ ሥራ መሃል ላይ ቆሞ አለመነቃነቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሎዬን መለስኩ።

መጋቢት ላይ የቡድኖቹ መልማዮች ኮሌጃችን መጡ። አርባ ያርድ ስሮጥ አንዱ ሰዓቱን እያየ "ቁም ሣጥን ነው እንዴ የሚሮጠው?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን በገነ።

ሚስተር ሆሊስ ትሬድዌይ የሚባሉ ሽማግሌ መልማይ ብቻ አልሳቁም። ክፍል አስገብተው የጨዋታዎቼን ፊልም ከፈቱና "ልጄ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ታስቆማለህ፤ ወርዋሪው ጋ ግን አትደርስም። ግማሹን ጨዋታ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ቡድኔ ለምን ቦታ ያባክን?" አሉኝ።

ከፊልሙ አንድ ጨዋታ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ተጋጣሚዎቻችን ነጥብ ለማግኘት አንድ ያርድ ብቻ ቀርቷቸው ሯጫቸውን በመሃል ላኩት። የጣለው ከኋላዬ የሚቆመው ጓደኛዬ ዴሾን ነው፤ የእኔ ስም መዝገቡ ላይ የለም። "ዴሾንን ይተዉትና እግሬን ይዩልኝ" አልኳቸው። "መንገድ የሚከፍቱለት ሁለቱ ግዙፎች እኔ ላይ ናቸው። አንዱ ቢያመልጠኝ ዴሾንን ይይዘው ነበር።" አራት ጊዜ እየመለሱ አዩት። "አንድ ስንዝር አልተነቃነቅህም" አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ቅዳሜ ምርጫው እንዳበቃ ደወሉልኝ። "ስለ አንተ ከአለቆቼ ጋር ተከራክሬ ተሸነፍኩ። ያገኘሁልህ የልምምድ ጥሪ ብቻ ነው። ዘጠና ሰው ይገባል፣ ሃምሳ ሦስት ይቀራል። በአንተ ቦታ ሦስት ሰው አለ። ትመጣለህ?" አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው።

አባቴ፣ ካልተመረጥኩ ግንቦት ላይ ወደ ደሴታችን ተመልሼ ዓሣ ፋብሪካው እንደምገባ ቃል ሰጥቼዎት ነበር። ቃሌን ማጠፌ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይታገሱኝ። ፈጣን አይደለሁም፤ ፈጣን ነኝ ብዬም ማንንም አላታልልም። የምችለው አንድ ነገር ነው፤ እሱን ግን ከሦስቱም አሳምሬ እንደምሠራው አውቃለሁ። ካባረሩኝም ሥራዬን አይተው ያባርሩኝ። ፋብሪካው ውስጥ ያስያዙልኝን ቦታ ለሌላ ሰው ይልቀቁት።

እናቴን ሲዬኒን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ከመቶ ሃምሳ ኪሎ እንዳልወርድ ታዝዣለሁና ስለ ምግቤ አታስብ። አያቴ ማሊያ በጸሎቷ አትርሳኝ፤ በተለይ ቀኝ ትከሻዬን። እህቴ ላጊ ሦስቱን ቀን ከቴሌቪዥኑ ፊት እንዳልተነሳች ሰምቻለሁ። ነሐሴ ላይ የሚቀሩት ስም ይወጣልና እንደገና ትቀመጥ።

ልጅዎ ማላኪ

ሜሪዲያን፣ ሚሲሲፒ
ሚያዝያ 30 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.