የዘለልኳት ፊደል

ጥቅምት 4
ጉልበቴ እንደ ትናንቱ። ጎረቤቴ ደግፋኝ ደረጃውን ወረድኩ። ልጄ ቁርጡን ነግራኛለች። እስከ ኅዳር መጨረሻ ብቻዬን መውጣት መውረድ ካልቻልኩ ቤቴን ለቅቄ እሷ ጋ እገባለሁ። እሷ ጋ ማለት የታጠበ ልብስ የሚተጣጠፍበት ክፍል ነው። ከልብሱ ጋር ታጥፌ ልቀመጥ?

ጥቅምት 7
ሕክምና ቤት። ፊዚዮቴራፒስቱ እንደ ልማዱ የሚያሞቀውን መብራት ጉልበቴ ላይ አበራና ሄደ። ሰውየውን «አምፖሉ» ነው የምለው። ስድስተኛ ቀኔ ነው። እዚያ ይሞቀኛል፣ እቤት ስደርስ ያው ነኝ። ምን ሆኜ ነው ብለው የዕድሜ ነው አለኝ። ዕድሜዬን መዝገብ ላይ አይቶ ነው እንጂ ጉልበቴንማ መቼ ነካው።

ጥቅምት 11
አንዲት ልጅ እግር አጥኚ መጣች። ባለሙያዎቹ ለጉልበት ሕመም የወጣውን የሕክምና መመሪያ ምን ያህል እንደሚከተሉ ትለካለች። መመሪያው ዋናው ለሕመምተኛው ማስረዳትና እንቅስቃሴ ማሠራት ነው ይላል አለችኝ። መብራት ብቻውን አይበቃም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።
ለሁላችንም ቁጥር ያለው ወረቀት አደለችን። ላንብብልዎት ስትለኝ ነደደኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው… ግን ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ራሴ አነበብኩ፣ ራሴ ሞላሁ። መብራት የሚለው ላይ ብቻ ኤክስ። ማስረዳት፣ ማሠራት፣ እቤት የሚሠራውን ማሳየት… ባዶ ተውኳቸው። አምፖሉ፣ እንግዲህ መግቢያህን ፈልግ።

ጥቅምት 18
ውጤቱ ኮሪደሩ ላይ ተለጠፈ። ወረቀት ከሞላነው አምስት የአምፖሉ ሕመምተኞች የአራቱ ሕክምና ከሰኞ ጀምሮ በእንቅስቃሴ እንደ አዲስ ይጀመራል። አንደኛው ግን «በመመሪያው መሠረት እየታከመ ነው፣ ይቀጥል» ተብሏል። ማን ነው ይሄ አሽቃባጭ? ቁጥሩን አየሁ። የእኔ።
አጥኚዋ ላይ አወረድኩባት። ስንት ሰጠሽ አልኳት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወረቀቴን አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ከላይ ጀምሬ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ። «ከሚከተሉት ውስጥ ያልተደረገልዎትን በኤክስ ያመልክቱ።»
ያ… ል… ተደረገ።
ያን ዕለት «የተደረገልዎትን» ብዬ ነው ያነበብኩት። «ል»ን ዘልያታለሁ። ሁሉ ተደርጎልኛል፣ የቀረብኝ መብራት ብቻ ነው ብዬ በገዛ እጄ መስክሬለታለሁ።
ወረቀቱን መልሼላት ወጣሁ።

ጥቅምት 19
ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። አጥኚዋም አትጠይቀኝም። መብራቱ ይቀጥላል፣ ጉልበቴም እንዳለ ይቀጥላል፣ ከዚያ የልብስ ክፍል። ለአንዲት ፊደል እግሬን ልስጥ?

ጥቅምት 20
ሄድኩ። ቢሮዋ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ። እስኪወጡ ልጠብቅ ብዬ ነበር፣ ከዚያ ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈራሁ። ተሳስቼ ነው ያነበብኩት አልኩ። ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ላብ በላብ ሆንኩ። አዲስ ወረቀት ስትሰጠኝ መልሼ ዘረጋሁላት።
«አንቺ አንብቢው ልጄ። እኔ እመልሳለሁ።»

ጥቅምት 24
አምፖሉ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቀኝ።
«እማማ፣ ምን አደረግኩዎት?»
«ምንም። ያስጻፍኩትም እሱኑ ነው።»
ሳይወድ ሳቀ። በቀን ሠላሳ ሰው ይመጣብኛል፣ መብራቱ ይገላግለኛል አለኝ። አላዘንኩለትም… ትንሽ አዝኛለሁ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የጉልበቴን አጥንቶች በሁለት ጡጫው እያሳየ አስረዳኝ። ጡንቻው ከበረታ ሸክሙን ይጋራዋል አለ። ያን ሁሉ ቀን ይሄን ማን ከለከለው?

ኅዳር 3
ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ። በሰባተኛው ረገምኩት። ሰምቶ አሥራ አንደኛ ጨመረብኝ።

ኅዳር 16
እቤትም እሠራለሁ። ያመኛል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ወይስ ለመድኩት?

ኅዳር 30
ልጄ ዕቃዬን ልትጭን መኪና ይዛ መጣች። ታች፣ የግቢው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።
«ማን አወረደሽ እማዬ?»
«ማንም።»
ቀድሜያት ወደ ላይ ወጣሁ። ሁለቴ አረፍኩ። እጇን ስትዘረጋልኝ እንዳላየ ሆንኩ። አሞኝ ነበር፣ አልነገርኳትም።