አዲስ አፈር የሚሻው ህድሞ

በሥላሴ ስም፣ ልጄ ለተማርያም፣ ሰላመ እግዚአብሔር መቀሌ ድረስ ቤትሽን ይሙላው። እኔ፣ ስሙ ይክበርና፣ ደኅና ነኝ።

በጎልማሳነቴ በእጄ ወዳነጽሁት፣ አፈር ጣሪያ ወዳለው የድንጋይ ቤቴ፣ ወደ ህድሞዬ ተመልሻለሁ። ግንቡን በጣቶቼ ዳስሼ እያንዳንዱን ድንጋይ ለየሁት። «ውስጡ ጨልሟል፤ ኩራዝ አምጪልኝ» ብላት ጎረቤታችን መድኅን ሳቀችብኝ።

«አቦይ ቀሺ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ በቀትር ኩራዝ? ፀሐይዋም አልታዘዝ አለችዎት?»

«ግድግዳውን ጢስ አጥቁሮት ነው» አልኋት።

ዳዊቱን በቃሌ ስለምደግም መጽሐፌን ልኬልሻለሁ፤ ለልጆችሽ ይሁን። መስመሬ ቢጣመም ብዕሩን ውቀሺ።

ከክረምቱ በፊት ጣሪያው አዲስ አፈር ይሻል። ወደ ከተማ ልውሰድዎ ብለሽ እንዳትመጪ። ከመጣሽም ከታች ሆነሽ አፈሩን ታቀብዪኛለሽ እንጂ፣ ጣሪያው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ።

የአብርሃምን ድንኳን የጎበኘ አምላክ አንቺንና ቤተሰብሽን ይባርክ፤ አሜን።

አባትሽ ቀሺ ወልደገሪማ