አዊኛ የረሱት ራዲዮኖች

ሰኞ፣ የካቲት 7/2008፣ ጧት 3፡00
ሱቅ ከፈትኩ። ከዘንገና ሦስት ራዲዮ መጣ፣ ይጠገን ተብሎ። አንዱ የወ/ሮ አትጠገብ። «ጋሼ፣ ራዲዮኔ አዊኛ ረሳ። ትናንት በዘፈናችን ሰዓት አማርኛ ብቻ ሲለፈልፍ ዋለ» አለችኝ። ሳቅኩባት። ነካክተሽው ነው ብዬ ገሠጽኳት። አፍራ ሄደች።

ሐሙስ፣ የካቲት 10
ሦስቱንም ፈታሁ። አንቴናው ጤና፣ ድምፁ ጤና። ከአዘና ደግሞ አራት ተጨመረ፤ በሽታቸው ያው። እንደ ከብት በሽታ ይጋባል እንዴ? ያለ መምህር ተምሬ ስንት ዘመን ጠገንኩ፣ እንዲህ ያለ ብልሽት አላየሁም። ስማ ደብተር፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ የወ/ሮ አትጠገብን ደህና ሽቦ ነቅዬ እንደገና በየድኩት። እልህ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 13፣ ቀን 5፡30
የአዊኛው ዘፈን ፕሮግራም በአምልኮ ሰዓት ስለሆነ ሰምቼው አላውቅም። ዛሬ ከጸሎት ቤት ቀረሁ። ሰባቱንም ከፍቼ ተቀመጥኩ። 4፡00 ሲሆን የሠርጋችን፣ የአጨዳችን ዘፈን የለም። አንዲት ልጅ ከአ/አ ትስቃለች። መንገዱ ተጨናንቋል፣ ታገሱ ትላለች። እዚህ ከተማችን ቆሰበር ላይ ምን የተጨናነቀ አለ? በመስኮት አየሁ፤ ሁለት ባጃጅና አንድ በሬ።
ራዲዮኖቹ ደህና ናቸው። የተበላሸው ጣቢያው ነው! ሰባቱንም ዘጋሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 14፣ ማታ 1፡00
ጣቢያው ሄድኩ። ሥ/አስኪያጁ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም። ፕሮግራሙ ከአ/አ ተሠርቶ፣ አልቆ ይመጣል፤ ሌሎች ጣቢያዎችም ይህንኑ ያስተላልፋሉ አለ። የእኛን ዘፈን የሚሰማው ጥቂት ነው አለ። ማስረጃህ አልኩት።
«አባባ፣ ዘፈኑ ከቆመ ጀምሮ አንድም ሰው አልደወለም!»
እንዴት ይደውሉ? ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው፣ ራዲዮ ታቅፈው እኔ ዘንድ መጡ እንጂ! እኔም ሳቅሁ፣ ገሠጽሁ፣ ፈታሁ። ለዚህ ሰው የአድማጮቹን ዝምታ እንደ ማስረጃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።
ነገ ገበያ ነው። ሱቅ አልከፍትም። ለባለራዲዮዎቹ ሁሉ መልእክት ላክሁ። ራዲዮኖቹን በባጃጅ ጭኜ ጣቢያው በር ላይ እደረድራለሁ፤ ባለቤቶቹ እዚያው ይረከቡኛል። ሥ/አስኪያጁን ከቢሮው ጠርተን እናስወጣዋለን። ለእኔ ያሉትን ለእሱ ይበሉት፣ አንድ በአንድ፣ በአዊኛ። ወ/ሮ አትጠገብ ከሁሉም ፊት ትቁም። ከዚያ በፊት ግን እኔ፣ በገበያተኛው ሁሉ ፊት፣ ራዲዮሽ ደህና ነበር እላታለሁ።