ግራጫውና ጥቁሩ ማዳመጫ

ውድ አክስቴ፣

እናቴ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከጎረቤታችን ከጉና የማንበቢያ መነጽር ተውሳ መጣች።

ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ይቅር በይኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የቡርጋስ የባሕር ነፋስ ለመገጣጠሚያ አይበጅም ሲሉ እሰማለሁና ሹራብሽን አትርሺ። ልጅሽና ምራትሽ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ቃሪያው ተጠብሶና ተልጦ ጠርሙስ ገብቷል። ዱባው ዘንድሮ ከመጠን በላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ተደርድሮ መውጫ መግቢያ አሳጥቶናል።

ለምን ስልክ እንዳልደወልኩ ታውቂያለሽ። ባለፈው ጊዜ የእናቴን ሳል ከኋላዬ ስትሰሚ ዘጋሽው። ደብዳቤ ሳል የለበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፋሲካ ሰሞን ኦግኒያን የሚባል የሬዲዮ ሰው ከዋና ከተማው ከሶፊያ ደወለልኝ። መጋዘናቸው ውስጥ አንቺና እናቴ ገና ልጃገረዶች ሳላችሁ የተቀዳ የአጨዳ ዘፈን አግኝቷል፤ አንቺ መሪ፣ እሷ ተከታይ። አጽድቶ በዲስክ ሊያወጣው ይፈልጋል፤ ግን ሁለታችሁም ሰምታችሁ ካልፈቀዳችሁ አይሆንም። ፈቃደኛ ከሆናችሁ ደግሞ በአንድ ክፍል አስቀምጦ የዛሬውን ድምፃችሁን መቅዳት ይፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ለእናቴ ስነግራት፣ “ድመቷን አብላት” አለችኝ።

ጠቡን እንደ አዲስ አላነሳውም። እናቴ ታማ በተኛችበት ዓመት በቅዱስ ጴጥሮስ ቀን፣ በመንደሩ በዓል ላይ ከሌላ ሴት ጋር ዘፈንሽ፤ እሷም አልጋዋ ላይ ሆና በሬዲዮ ሰማችሽ። “ቦታዬን ለሰው ሰጠችብኝ” ትላለች። አንቺ ደግሞ “ተከታይ ታመመች ተብሎ መሪ አፏን ይዛ ትቁም?” ትያለሽ። እኔ ሁለታችሁንም እየሰማሁ ሸበትኩ።

ሌላ ሰው የማይነግርሽን አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። የእናቴ ጆሮ እየደከመ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው ብሏታል። ወፎቹ ከወዲሁ ጠፍተውባታል። የሰው ድምፅ ገና አልሄደባትም። እስከ መቼ ይቆያል ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

ስለዚህ ኦግኒያን የላከልኝን ዘፈን ቶሎ እንድትሰማው ፈለግኩ። በወጥ ቤቱ ሬዲዮ ባጫውትላት፣ “ይሄ ዘፈን ሳይሆን የጎመን ቅቅል ነው” አለች። ለጋዜጣ ሥራዬ የምጠቀምበትን፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋውን ማዳመጫ ባደርግላት ወዲያው አወለቀችው። “ጭንቅላቴን ድስት ውስጥ ከደንከው እኮ! የራሴን ትንፋሽ ነው የምሰማው።”

ሶፊያ ሄጄ የድምፅ ዕቃ የሚሸጠውን ወዳጄን ካሜንን አማከርኩት። ለእሷ የሚሆነው ጀርባው ክፍት የሆነው ዓይነት ነው አለኝ። ውጪው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ድምፁ ይወጣል፣ የቤቱም ድምፅ ይገባል። አውቶቡስ ላይ ብታደርጊው አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው አብሮሽ ያዳምጣል፤ ጸጥ ላለ ቤት ግን ጥሩ ነው። ሁለት አወጣልኝ፤ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው፣ መልካቸውም ዋጋቸውም እንደ መንታ የተቀራረበ፣ አንዱ ግራጫ አንዱ ጥቁር። የትኛው ይሻላል ብዬ ስጠይቀው ራሰ በራውን እያሻሸ፣ “ፀጉሬን የጨረሰው ይሄ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ውሰድና አንዱን መልስልኝ” አለ።

ግራጫው ለስላሳ ነው። ድምፁ ሞቅ፣ ወፈር ያለ ነው፤ ማንንም አይቆጣም። ትራሶቹ ሰፊ ስለሆኑ ጆሮን ሳይነኩ ይከቡታል፤ ራስሽ ላይ መኖሩን ትረሺዋለሽ። ጥቁሩ ደረቅ ነው። አያሳምርም፣ አይደብቅም፤ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ከንፈሯ ሲላቀቅ ይሰማል። ግን ጭንቅላትን ጨበጥ ያደርጋል።

እናቴ በግራጫው ጀመረች። ዓይኗን ጨፍና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማች። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

“ቆንጆ ነው፣” አለች። “ግን እኛ አይደለንም። ይሄ ያስታርቀናል።”

ምን ማለቷ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የመንደራችን ዘፈን የሚዘፈነው ሁለቱ ድምፆች ተቀራርበው እንዲፋጩ እንጂ እንዲስማሙ አይደለም፤ አንድ ላም አንገት ላይ እንደታሰሩ ሁለት ቃጭሎች። እንግዳ ሰው ሲሰማው አንዷ የሳተች ይመስለዋል። ግራጫው ያን ፍጭት ሞርዶ አለስልሶታል።

ከዚያ ጥቁሩን አደረገች። አንቺ ስትጀምሪ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። “ይቺውና! ትንፋሽ ቀድማኝ ወሰደች። ድሮም ሌባ ናት።” ወዲያው የራሷን ድምፅ አወጣች። ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። ከጥቁሩ ጀርባ ያንቺ ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ እንዳለ ሬዲዮ ቅጥን ብሎ ይወጣል፤ የእናቴ የዛሬው ድምፅ ከሥሩ ይዞታል። እንደዚያ ስትዘፍን ከሰማኋት ብዙ ዘመኔ ነው።

ዘፈኑ ሳያልቅ ጉና ሳታንኳኳ ገባች፤ ትኩስ የአይብ ባኒጻ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

“የት አለች?”

“ማን?” አለች እናቴ።

“አንቺ ሴትዮ፣ አታሞኚኝ! ከጓሮ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። ተከታዩን ድምፅ እየዘፈንሽ ነበር። እሱን ብቻውን የሚዘፍን ሰው እዚህ መንደር ገና አልተወለደም። መሪዋን የት ደበቅሻት?”

ጓዳውን ከፈተች። መኝታ ቤት ገብታ ከበሩ ጀርባ አየች። እናቴ ማዳመጫውን አውልቃ ጉና ራስ ላይ አጠለቀችው። ጉና ቆማ ሰማች፤ አማተበች።

“አላረጀችም እኮ!”

“እሷ መቼ እሺ ብላ ታረጃለች፣” አለች እናቴ።

ባኒጻውን ጉና ለአራት ቆረጠችው። አራተኛውን ድመቷ በላችው።

እንግዲህ ጥቁሩ አሸነፈ ብዬ ግራጫውን ሳጥኑ ውስጥ መልሼ አሸግኩት። ጠዋት ስነሳ እናቴ ፈትታዋለች።

“አልወሰንኩም። ጥቁሩ ይጨብጣል።”

“ያምሻል?”

“አያመኝም።”

“ታዲያ?”

“ይጨብጣል አልኩህ!”

ትናንት ያ መነጽር መጣ። መጀመሪያ መነጽሩን፣ ከላዩ ጥቁሩን አድርጋ ባቄላ እየለቀመች አዳመጠች። ስታወልቅ ከጆሮዋ ጀርባ ቀይ መስመር ወጥቶ ነበር። “ይኸው፣ የመነጽሩን ክንድ ይጫነዋል፣” አለች። “ዘፈን አስቁሞ ያስወልቃል።” በግራጫው ስትሞክረው መነጽሩ ምንም አልሆነም። እናቴ በሕይወቷ መነጽር አድርጋ አታውቅም። ዛሬም መርፌ ላይ ክር የምታስገባው በባዶ ዓይኗ ነው።

ለካሜን ደወልኩለት። ጥቁሩን ራስ የሚያህል ነገር ላይ ወጥራችሁ ብታሳድሩት ይላላል አለ። እናቴ ደረጃው ላይ ያሉትን ዱባዎች አንድ በአንድ እያነሳች፣ በእጇ እየከበበች አማረጠች። ጉና ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ “ያንቺ ጭንቅላት ከዚህ ይተልቃል፤ የማንን ነው የምትለኪው?” አለቻት።

“የዱባውን፣” አለች እናቴ።

ይህን ስጽፍልሽ ዱባው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁሩን ማዳመጫ አድርጎ፣ ከሥሩም የጉናን መነጽር ለብሶ። ጉና ደግሞ፣ “መነጽሬን ለዱባ አልብሰሽ እኔ የበዓላቱን ቀን መቁጠሪያ በዳበሳ ላንብብ?” እያለች ትጮኻለች።

ካሜን እስከ ቅዱስ ዲሚታር ቀን ሊታገሠኝ ተስማምቷል፤ በዚያ ቀን አንዱን እመልስለታለሁ። ኦግኒያንም የሁለታችሁን መልስ የሚጠብቀው ለዚያው ዕለት ነው። እናቴ እስካሁን አልፈረመችም፤ ስጠይቃት ወደ ዱባው ታያለች።

እንድጽፍልሽ ማንም አላዘዘኝም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ በልጅ ልጅሽ ክርስትና ፎቶግራፍ ላይ ያደረግሽው መነጽር ክንዱ ወፍራም ይመስላል፤ አሁንም እሱን ነው የምታደርጊው ወይስ ቀይረሻል? ቀጭን ከሆነ ጥቁሩ እኛ ዘንድ ይቀራል። ወፍራም ከሆነ ግን ግራጫው ሊሆን ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይጠይቁት ያስታርቃል፣ እናቴም አትወድለትም።

ባሕሩ ለጉልበትሽ ይራራልሽ። ድንግል ቤትሽን ትጠብቅልሽ፤ ትንፋሽሽን ታርዝምልሽ፣ ከማንም ሳትሰርቂ።

ጥቁሩ ከዱባው የሚወርደው በዲሚታር ዋዜማ ነው።

የእህትሽ ልጅ